ሁለተኛው ስትሮክ

እኛ ቤት ስትሮክ ማለት ሞተር ነበር። ሌላ ትርጉም አለው ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ግቢያችን ጋራዥ ነው። ከመኝታ ቤት ወደ ማድቤት ለመሄድ እንኳ በተበተኑ ሞተር ሳይክሎች መሃል መሹለክ ነበረብን። እናቴ ልብስ የምታሰጣው ከአሮጌ ጎማዎቹ አጠገብ ስለነበር የትምህርት ቤት ሸሚዜ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። አስተማሪያችን "ይቺን ልጅ እሳት አጠገብ እንዳታስቀምጧት" እያለች ክፍሉን በሙሉ ታስቅብኝ ነበር። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ።

አባቴን ደንበኞቹ "ጆሮ" ይሉታል። ሞተሩ ገና መንገድ ላይ እያለ ድምፁን ሰምቶ በሽታውን ስለሚናገር ነው። እኔን ደግሞ እሱ "ካንዴላ" ይለኛል። ካንዴላ ማለት እሳት ጭራ ሞተር የምታስነሳው ጣት የምታህል ዕቃ ናት። ጠዋት ቀድሜ ተነስቼ ቤቱን የምቀሰቅሰው እኔ ስለሆንኩ ያወጣልኝ ስም ነው። እናቴ "ካንዴላስ ሲፈልጉ ይነቅሏታል፤ ይቺን ማን ይንቀልልኝ!" ትላለች።

ሞተር ሁለት ዓይነት ነው፤ ቱ ስትሮክና ፎር ስትሮክ። ልዩነቱን አባቴ ያስተማረኝ ፊደል ሳልጨርስ ነው። "ጉልበት ሁለቱም አላቸው" ይለኝ ነበር፣ "ጣጣው አሰጣጣቸው ላይ ነው። ፎር ስትሮክ ከታች ጀምሮ እየነገረሽ ይሰጥሻል። ትንሽ ስትጠይቂው ትንሽ፣ ብዙ ስትጠይቂው ብዙ። ቱ ስትሮክ ግን ምንም፣ ምንም፣ ምንም… ከዚያ ሁሉንም ባንዴ! አያስጠነቅቅም።" ይህን ሲል ሁለት እጁን ያጨበጭባል፤ እኔም እንደሚያጨበጭብ እያወቅኩ ሁልጊዜ እደነግጣለሁ።

በዚያ ዓመት በእንግሊዝኛ መቁጠር ተምሬ ስለነበር፣ ቱ ማለት ሁለት፣ ፎር ማለት አራት መሆኑን አውቄ ልቤ አብጦ ነበር። ስትሮክ የሚለውን ማንም አልተረጎመልኝም። የሞተር የዘር ስም ነው ብዬ ተውኩት።

ነገሩ የጀመረው አንድ ጠዋት ነው። አባቴ ግቢ ውስጥ አንዲት ጭስ ብቻ የቀራት አሮጌ ቱ ስትሮክ በእግሩ እየረገጠ ሊያስነሳ ይታገላል። እኔ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ አስራለሁ። ረገጠ፣ ረገጠ፣ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። አቀማመጡ ደስ አላለኝም፤ አንድ እግሩ ከሥሩ ታጥፎ ቀርቷል፣ እሱ ግን ልብ ያለው አይመስልም። ሊያናግረኝ ሲል አፉ ወደ አንድ ጎን ሄደበት። እናቴ ሳሙና በያዘ እጇ እየሮጠች ወጣች።

"ምን ሆነ?" አልኳት።

"ምንም አልሆነም! ሞተሩ መታው። አንቺ ትምህርት ቤትሽ ሂጂ፣ ይረፍድብሻል።"

ሞተር እንደሚመታ አውቃለሁ። የሚረገጠው ብረት አንዳንዴ ተመልሶ ቁርጭምጭሚት ይላል። አባቴ ስንቴ ተመትቶ በአንድ እግሩ ሲዘል አይቻለሁ። ስለዚህ አመንኳት። ያቺን አሮጌ ሞተር ግን ቂም ያዝኩባት፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ማንም ሳያየኝ ጎማዋን በእርግጫ አልኳት።

አባቴ ጥቂት ቀን አክስቴ ዘንድ ሰነበተና ተመለሰ። ሲመለስ ሁለት አዲስ ነገር ይዞ መጣ። አንደኛው፣ በግራ እጁ መሥራት ጀመረ። እኔም ግራኝ መሆን አማረኝና ደብተሬን በግራ እየጻፍኩ አበላሸሁት። ሁለተኛው ደግሞ ጨዋታው ነው።

"አስራ ሁለት ማንኪያ አቀብይኝ" አለኝ አንድ ቀን፣ ሞተር ሥር ተጋድሞ።

"አስራ ሁለት ማንኪያ! አባዬ ሾርባ ልትጠጣ ነው?" ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። አስራ ሁለት ቁጥር ቁልፍ ማለቱ እንደሆነ ገብቶኝ ነበርና አቀበልኩት። አባቴ ቁልፉን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ቆየና እሱም ሳቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨዋታችን ሆነ። ውሃ ሲል ዘይት ነው። ትላንት ሲል ነገ ነው። በሩን ክፈቺ ካለኝ እዘጋለሁ። ካንዴላ ማለቱን ትቶ አንዳንዴ "ፍሬን" ይለኛል፣ "ነይ አንቺ ፍሬን!" ብሎ ይጠራኛል፤ እኔም ስሜን እንደለወጥኩ ሁሉ ከት ብዬ እየሳቅኩ እሄዳለሁ። ጨዋታው ላይ ጎበዝ ነበርኩ። ዓይኑ ወዴት እንደሚያይ፣ እጁ ወዴት እንደሚዘረጋ አያለሁ፤ አፉ የሚለውን እተወዋለሁ። አስር ጊዜ ከሞከርኩ አስሩንም አውቀዋለሁ ማለት ይቻላል። ማታ ለእናቴ "ዛሬ ደግሞ አባዬ ቤንዚኑን ወተት አለው" ብዬ ስተርክላት ምጣዱን ልይ ብላ ወደ ማድቤት ትሮጣለች። ምጣዱ ላይ ምንም ነገር እንዳልነበረ አሁን አውቃለሁ።

ሰው ፊት ግን ጨዋታውን አይጫወትም። ደንበኛ ሲመጣ ዝም ብሎ ይሰማል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ በጣቱ ያሳያል። "ጆሮ ኮራብን" ማለት ጀመሩ። እኔም የኛ ምሥጢር ስለመሰለኝ ለማንም አልተናገርኩም።

አንድ ከሰዓት በኋላ አስመጪው መጣ። ሞተር ከውጭ የሚያስገባ ሰው ነው፤ ድምፁ ከእሱ ቀድሞ ግቢ የሚገባ፣ ቁልፉን በጣቱ ላይ የሚያሽከረክር፣ ሰውን ሁሉ ትከሻ እየመታ የሚያወራ። ከጭነት መኪናው ላይ አንዲት ሰማያዊ የአፈር መንገድ ሞተር አወረደ። ትንሽ ናት፤ መቀመጫዋ ከደረቴ አይበልጥም። ጎማዋ ጥርስ ጥርስ አለው።

"የልጆች መለማመጃ ሜዳ ልከፍት ነው" አለ። "ሁለት ዓይነት አለኝ፤ እኩል ቁመት፣ እኩል ክብደት። ይቺ ፎር ስትሮክ ናት። ሁለተኛው ቱ ስትሮክ ነው፣ እሱ ነገ ይመጣል። ጆሮ፣ ሁለቱንም ንዳልኝና ለልጅ የምትሆነውን ንገረኝ። አንተ ያልካትን ነው የማመጣው።"

አባቴ አጭር ሰው ነው። ትንንሽ ሞተር ነድቶ የሚፈትሸው ሁልጊዜ እሱ ነበር፤ ሌላው ጉልበቱ አገጩን ይመታዋል። ከግቢያችን ጀርባ ባዶ ሜዳ አለ፣ ሜዳው መጨረሻ ላይ ደግሞ ጥልቅ ጉድባ። አባቴ ሰማያዊዋን ወስዶ አንዴ ዞረ። ቀስ ብሎ ነው የዞረው፤ መሪውን በግራ እጁ አጥብቆ ይዞ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሎ። ከዚያ ለእኔ ሰጠኝ።

የዚያች ሞተር ነገር እስካሁን እጄ ላይ አለ። ጋዝ ስሰጣት ከሥር ከሥር ትጎትታለች። ብዙ ስሰጣት ድምፅዋ ቀድሞ ይወፍራል፣ ጉልበቷ ከኋላ ይከተላል። ስለቃት ሞተሩ ራሱ ጎማውን ይይዘውና እንደ ጨዋ ሰው ትቆማለች። እየሳቅኩ ተመለስኩ።

"ይቺማ አሮጊት ናት!" አለ አስመጪው። "ልጅ ትተኛባታለች። ነገ ቱ ስትሮኩን እይ! እሱ ነው ሞተር። መጀመሪያ የተኛ ይመስልሃል፣ ከዚያ ሲነቃ ክንድህን ሊነቅለው ይደርሳል።"

አባቴ ቆየ። ቃል ሲፈልግ እንደሚሆነው ግንባሩ ተሸበሸበ። "አያስጠነቅቅም" አለ በመጨረሻ። ቃሏ ልክ ሆና ስለወጣችለት ይሁን አላውቅም፣ ፊቱ በራ።

ያን ዕለት ማምሻውን አክስቴ መጣች። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ነርስ ነች። ሰሞኑን እየመጣች የአባቴን ክንድ በጨርቅ ጠቅልላ በትንሽ ኳስ ትነፋለች። እኔ የጡንቻ መለኪያ መስሎኝ "አክስቴ፣ የኔንም ለኪኝ" እያልኩ አስቸግራታለሁ። ያን ዕለት ከለካችው በኋላ እሱ ፊቱን ሊታጠብ ወጣ፤ እኔ መጋረጃው ጀርባ አልጋዬ ላይ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። የጋራዥ ልጅ ደግሞ ዝቅ ያለ ድምፅ ሲሰማ ነው ጆሮው የሚቆመው።

"እትዬ፣ ደህና ነው አይደል?" አለች እናቴ።

"አይደለም፣ እህቴ። ልዋሽሽ አልችልም። የመጀመሪያው ስትሮክ በቀላሉ ነው የለቀቀው፤ ዕድለኛ ነው። ሁለተኛው ስትሮክ ከመጣ ግን ይገድለዋል።"

እርሳሴ ከእጄ ወደቀ።

"ይመጣል እንዴ?"

"ካልተጠነቀቀ አይቀርም።"

"መቼ?"

"ማን ያውቃል? ዛሬም ሊሆን ይችላል፣ ነገም። አያስጠነቅቅም እኮ እሱ። ለልጅቷ ነግረሻታል?"

"ምን ብዬ? ሞተር መታው ብያታለሁ።"

"ደግ አደረግሽ። ልጅ ምን ታውቃለች።"

ሁሉንም አወቅኩት፣ እንዲያው ሁሉንም! የመጀመሪያው ስትሮክ ያቺ አሮጌ ጭሳም ናት፤ እሷ መታችው። ሁለተኛው ስትሮክ፣ ቱ ስትሮኩ፣ ነገ ይመጣል፤ አስመጪው በራሱ አፍ ተናግሯል። አያስጠነቅቅም፤ አባቴም ብሏል። እናቴና አክስቴ ደግሞ ይህን እያወቁ ቁጭ ብለው ያወራሉ! ለምን በሩን አይቆልፉም? ለምን አስመጪውን አይነግሩትም? ትልቅ ሰው ሆኜ ሳየው የእናቴን ዝምታ እረዳዋለሁ። ያን ጊዜ ግን ጠላኋት።

አባቴ ፎጣ አንገቱ ላይ አድርጎ ሲገባ ተጠመጠምኩበት።

"አባዬ፣ ነገ ቱ ስትሮኩን አትንዳው።"

"ለምን?"

"ዝም ብለህ አትንዳው። በናትህ! ቃል ግባልኝ።"

ፀጉሬን በግራ እጁ ዳበሰኝ። "እሺ። አልነዳውም" አለኝ።

ሌላ ልጅ ብትሆን ደስ ብሏት ትተኛ ነበር። እኔ ግን ጨዋታውን አውቃለሁ። ክፈቺ ሲል ዝጊ ነው፤ ትላንት ሲል ነገ ነው። አልነዳውም ሲልስ? ዓይኑን ልይ ብል ፎጣው ሸፈነብኝ። ጨዋታውን ከጀመርን ወዲህ መልሱን ያጣሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ምን እንደተማርን አላውቅም። ሞተር በመንገድ ባለፈ ቁጥር ከወንበሬ እነሳለሁ። ወፍራም ድምፅ ከሆነ ፎር ስትሮክ ነው፣ እቀመጣለሁ። ቀጭን ከሆነ፣ እንደ ትልቅ ዝንብ የሚጮህ ከሆነ፣ ላብ ያጠምቀኛል። አስተማሪያችን "ምነው፣ ወንበሩ ላይ ጉንዳን አለ?" አለችኝ። ሆዴን አመመኝ ብዬ ወደ ቤት ልሂድ ብላት ምሳሽን አስተካክለሽ ብይ አለችኝ። ደወሉ ሲደወል ቦርሳዬን ሳልዘጋ ሮጥኩ። እርሳስና ማስመሪያ መንገድ ላይ እየተንጠባጠበ ቀረ።

ከሩቅ ሰማሁት። ቀጭኑን ድምፅ፤ ዝንቡን።

ቀይ ነበር። ከጀርባ ሜዳው ዳር ቆሞ ሰማያዊ ጭስ ይተፋል። አስመጪው አስነስቶታል፤ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይስቃል። አባቴ ደግሞ መሪውን ይዞ እግሩን ሊያነሳ ነው። ቀኝ እግሩ ግን አልነሳም አለው። አንዴ ሞከረ፣ ተመለሰ። ሁለተኛ ሊሞክር ሲል ደረስኩ።

"እኔ ልንዳው!" ብዬ በብብቱ ሥር ሾልኬ መቀመጫው ላይ ወጣሁ።

"ኧረ በስማም! ቀስ!" አለ አስመጪው እየሳቀ። "ተዋት፣ ትሞክረው! ለልጅ አይደል የተሠራው? ትላንት አይቻታለሁ፣ ጎበዝ ናት።"

አባቴ ክንዴን ያዘኝ። በቀኝ እጁ ነበር የያዘኝ፤ መንጭቄ ስወጣ ጣቶቹ እንደ ጨርቅ ተንሸራተው ለቀቁኝ። ያ እጅ ሞተር አንጠልጥሎ የሚያነሳ እጅ ነበር። አልተገረምኩም፤ ለመገረም ጊዜ አልነበረኝም። እኔ ከነዳሁት እሱ አይነዳውም። ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው። ሁለተኛው ስትሮክ ገዳይ ከሆነ እኔን ሊገድለኝ እንደሚችልም አስቤያለሁ፣ አልዋሽም። ግን እሱ ይሙት ወይስ እኔ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ያለ ያህል መልሴን ሰጥቼ ጨርሻለሁ።

ፍሪሲዮኑን ይዤ ማርሽ አስገባሁ፣ ቀስ ብዬ ለቀቅኩ። ሞተሩ ተንቀሳቀሰ። ጋዝ ሰጠሁት፤ ምንም። ዝንቡ ጮኸ እንጂ ጉልበት የለውም። ይሄ ነው እንዴ ሰው የሚገድለው? ጨመርኩ። ምንም። ሌላ ጨመርኩ።

ሁሉም ባንዴ መጣ።

ክንዴ ተዘረጋ፣ ወገቤ ወደ ኋላ ተጣለ፣ የፊት ጎማው ከመሬት ተነሳ። ሰውነቴ ወደ ኋላ ሲሄድ እጄም አብሮ ሄደ፤ እጄ ወደ ኋላ ሲሄድ ደግሞ ጋዙ ይበልጥ ተጠመዘዘ። ዛሬ ለጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የምነግረው ይህን ነው፤ ስትደነግጡ እጃችሁ ሳያማክራችሁ ጋዝ ይሰጣል። ያን ጊዜ ግን ማን ይንገረኝ? ዓይኔ እንባ ብቻ ሆነ። ከእንባው ጀርባ ጉድባው እየሰፋ መጣ።

"ያዢው!" የአባቴ ድምፅ ነው። "ያዢው! ያዢው!"

አስመጪውም በዚያ ድምፁ ተቀበለው። "አጥብቀሽ ያዢው! አባትሽ ያዢው ይልሻል!"

ዞሬ ዓይኑን ማየት አልችልም፣ እጁንም ማየት አልችልም። ድምፁ ብቻ ነው ያለኝ። ግን መልሱ ድምፁ ውስጥ ነበር። አንድ ቀን ጣቴ በሩ መሃል ሊቆረጥ ሲል "ዝጊው" ብሎ የጮኸበት ድምፅ ነው፤ ያን ጊዜም መክፈት እንዳለብኝ አውቄ ነበር። ያዢው ሲል ልቀቂው ማለቱ ነው።

ለቀቅኩ።

ዝንቡ ዝም አለ። የፊት ጎማው መሬት ነካ፣ ፍሬኑን ጨበጥኩ፣ ሞተሩ ተንሸራቶ ወደ ጎን ጣለኝ። ጉልበቴ ተላጠ። ቀና ስል ጉድባው ውስጥ የተጣለ አንድ አሮጌ ጫማ ከነማሰሪያው ይታየኛል፤ ያን ያህል ቅርብ ነበርኩ።

አባቴ መጣ። ሲሮጥ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ነው ያየሁት፤ ቀኝ እግሩን አፈሩ ላይ እየጎተተ፣ መስመር እያሰመረ መጣ። አጠገቤ ሲደርስ መሬት ላይ ተቀመጠ። እንደዚያ ጠዋት አቀማመጥ ተቀመጠ።

"ነካኸው?" ብዬ ጮኽኩ። "አባዬ፣ ሞተሩን ነካኸው እንዴ? እኔ ነዳሁልህ እኮ!"

ራሱን ነቀነቀ። አፉ ተከፈተ፣ ምንም አልወጣም።

አስመጪው እያለከለከ ደረሰ። ሳቁ ጠፍቷል። "አብደሃል እንዴ? ልጅህ ጉድባ ልትገባ ያዢው ትላታለህ? ጆሮ! አንተ ነህ ልቀቂው ማለት የጠፋህ? ልትገድላት ነበር እኮ!"

አባቴ መሬት መሬቱን አየ። እኔ የተላጠ ጉልበቴን ትቼ ተነሳሁ።

"ልቀቂው ነው ያለኝ" አልኩ።

"ምን ትላለች ይቺ? በጆሮዬ ነው የሰማሁት!"

"ልቀቂው ነው ያለኝ፣ ጋሼ! እርስዎን አይደለም፣ እኔን ነው ያለኝ!"

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። እንደዚያ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የምስቅበት ብቻ ይመስለው ነበር፤ እንደምሰማው አያውቅም ነበር።

አስመጪው አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ያያል። ቁልፉ ጣቱ ላይ ቆሟል። ቆይቶ በዝቅተኛ ድምፅ፣ እንደዚያ ያለ ድምፅ እንዳለውም አላውቅም ነበር፣ "እሺ… ለልጅ የትኛው ይሁን ታዲያ?" አለ።

አባቴ ትንፋሹን ሰበሰበ። "ቀዩ" አለ። ወዲያው ዓይኑን ጨፈነ፤ ቃሉ እንዳመለጠው ገብቶታል። ግራ እጁ ግን ወደ ግቢው፣ ወደ ሰማያዊዋ ተዘርግቷል።

"ሰማያዊዋን ማለቱ ነው" አልኩ።

"አዎ" አለ አባቴ። "አዎ። አዎ።"

አስመጪው ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። ቀዩን ራሱ እየገፋ መኪናው ላይ ጫነው። ሲወጣ የአባቴን ትከሻ እንደ ልማዱ ሊመታ እጁን አነሳና፣ ቀስ አድርጎ አሳረፈው።

ከዚያ ነው ያለቀስኩት። አክስቴ ያለችውን፣ የመጀመሪያውን፣ ሁለተኛውን፣ ነገ ይመጣል የተባለውን፣ ሁሉንም እየተንሰቀሰቅኩ ለአባቴ ዘረገፍኩለት። ሰምቶ ሲጨርስ በግማሽ አፉ ሳቀ። ሲስቅ ሲስቅ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሳቁ የት ላይ እንዳለቀ አላየሁም፣ ፊቱን ፀጉሬ ውስጥ ደብቆት ነበር።

እናቴ ዕውነቱን ልትነግረኝ ፈልጋ እንደነበር የነገረችኝ ካገባሁ በኋላ ነው። "ይህቺ ልጅ በከንቱ ተሳቅቃ መሞቷ ነው፣ እንንገራት" ብትለው አባቴ "ተያት" አላት። እናቴ ቃሉ ተገልብጦበት ይሁን ብላ ደግማ ጠየቀችው። "ተያት" አለ እንደገና፣ እጁንም እያወዛወዘ። የምፈራው ነገር ከግቢ ሊባረር የሚችል ነገር እንዲሆንልኝ ነበር የፈለገው። ከዚያ ቀን በኋላ ቱ ስትሮክ በራችንን አልፎ አልገባም። ገና ከመንገድ ድምፁን ሲሰማ ተነስቶ በሩ ላይ ይቆምና በእጁ ይመልሰዋል። ደንበኛው ሁሉ "ጆሮ በቱ ስትሮክ ቂም ያዘ" አለ። እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግቢውን አንዴ ዞሬ እፈትሽና እፎይ ብዬ ምሳዬን እበላለሁ። አክስቴ መድኃኒት እንዴት እንደሚወስድ ስትጨቀጭቀው እገረም ነበር፤ ሞተሩ አልገባ፣ መድኃኒት ምን ያደርግለታል?

ሁለተኛው መጣ። እኔ ያን ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ ነበር፤ ስትሮክ ማለት ምን እንደሆነ በመጽሐፍ አንብቤያለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ። አባቴ ጠረጴዛ ላይ ብርቱካን እየላጠልኝ ነበር፤ ቢላው ቆመ፣ ልጣጩ ተንጠልጥሎ ቀረ። ይህን ሁሉ እያወቅኩ መጀመሪያ ያደረግኩት ወደ ግቢ መሮጥ ነው። ማን አስገባው ብዬ። ግቢ ውስጥ አስመጪው ያኔ ትቶልን የሄደው ሰማያዊዋ ፎር ስትሮክ ብቻ ቆማለች። በሩም ዝግ ነው። ከዚያ ነው ወደ አክስቴ የደወልኩት።

አክስቴ ተሳስታ ነበር፤ አልገደለውም። ቀኝ ጎኑን ወሰደበት፣ ቃላቱንም ጠራርጎ ሄደ። ጥቂት ብቻ ቀሩት።

ጋራዡ አሁን የኔ ነው። አባቴ ጠዋት ጠዋት በሩ አጠገብ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ጆሮው አሁንም ጆሮ ነው፤ ቀጭኑ ድምፅ በመንገድ ሲያልፍ ግራ እጁን ያነሳና እኔን ያየኛል፣ እኔም "ሰምቻለሁ፣ አይገባም" እለዋለሁ። ማታ ሥራ ጨርሼ ልሰናበተው ስጠጋው የምትወጣው ቃል አንድ ናት።

"ሂጂ" ይለኛል። "ሂጂ። ሂጂ።"

ባሌ በሩ ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ ይህን ይሰማል። "በቃ ደክሞታል፣ እየሸኘሽ ነው፣ ነይ እንሂድ" ይለኛል። ደግ ሰው ነው፤ ግን እሱ የሚሰማው ቃሉን ነው። በግራ እጁ የቱታዬን እጅጌ ጨብጦ እንደያዘኝ አያይም።

በርጩማ እስብና አጠገቡ እቀመጣለሁ።